ጠማማው ቤት፦ የጉብኝት ድርሰት አጻጻፍ

በዚህ ትምህርት የምንለማመደው የጉብኝት ድርሰት ነው። የጉብኝት ድርሰት ማለት አንድ ሰው ሄዶ፣ ተመልክቶና ጠይቆ የተመለሰበትን ቦታ ላላየው ሰው የሚገልጽበት ጽሑፍ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ዓይነት ድርሰት ሲጽፉ «ቦታው እጅግ ውብ ነበር፤ በጣም ተደሰትን፤ ማታ ወደ ቤታችን ተመለስን» ብለው ይጨርሳሉ። አንባቢው ግን ጸሓፊው መደሰቱን እንጂ ስለ ቦታው አንዳች ነገር አላወቀም። ጉድለቱ ምን እንደ ሆነ ከምንባቡ በኋላ እንመለከታለን። ለምሳሌ የመረጥነው በእንግሊዝ አገር የሚገኝና ቤተሰቦች በዕረፍት ቀን የሚጎበኙት አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። በትምህርቱ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ።

ሊትል ሞርተን ሆል

በእንግሊዝ አገር ቅዳሜ ወይም እሑድ አየሩ ደስ ያለ እንደ ሆነ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን፣ አንዳንድ ጊዜም አያቶችን ይዘውና ምሳቸውን ቋጥረው ታሪካዊ ቤት ለማየት ይወጣሉ። ከነዚህ ቤቶች መካከል ብዙዎቹ የቱዶር ነገሥታት በገዙበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። የቱዶር ቤተሰብ እንግሊዝን የገዛው ከ1485 እስከ 1603 ነበር። ከነርሱ መካከል ስማቸው የገነነው ሄንሪ ስምንተኛ በዙፋን ላይ ሳሉ በአገራችን ዓፄ ልብነ ድንግል ነግሠው ነበር፤ የሄንሪ ልጅ ንግሥት ኤልሳቤጥ በገዙበትም ዘመን ዓፄ ሠርፀ ድንግል ይገዙ ነበር።

ሊትል ሞርተን ሆል የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቼሺር በተባለው አውራጃ፣ ከኮንግልተን ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ነው። ቤቱን ማሠራት የጀመረው በአካባቢው ሰፊ መሬት የነበረው የሞርተን ቤተሰብ ሲሆን፣ ሥራው በ1504 ገደማ ተጀምሮ፣ በየጊዜው አንዳንድ ክፍል እየተጨመረበት እስከ 1610 ገደማ ቆይቷል። ዙሪያውን ወርዱ 10 ሜትር ያህል የሆነ፣ ውሃ የሞላበት ቦይ ይከበዋል። ጎብኚው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ በሩ ሲጠጋ ሦስት ፎቅ ያለው ቤት ከፊቱ ይገተራል። ግድግዳው ነጭ፣ በነጩ ላይ የተጋደሙትና የተጠላለፉት እንጨቶች ጥቁር ናቸው። ነገር ግን ሰውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስገርመው ቀለሙ አይደለም። ቤቱ ጠማማ ነው። አንዱ ጥግ ወደ ውጭ ዘሟል፣ ሌላው ወደ ታች ሰምጧል፣ የመስኮቶቹም መስመር እንደ ማዕበል ይወጣል ይወርዳል። ትንንሽ ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩት «ይህ ቤት ሊወድቅ ነው!» ማለታቸው የተለመደ ነው። ቤቱ ግን ይኸውና ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል።

አሠራሩን ለመረዳት የአገራችንን የጭቃ ቤት ማስታወስ ይበቃል። አናጢዎቹ በመጀመሪያ ከድንጋይ መሠረት በላይ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ የተጠረቡ ቋሚዎችንና አግዳሚዎችን ያቆሙ ነበር። የአንዱን እንጨት ጫፍ አቅጥነው በሌላው ላይ በተበሳው ቀዳዳ ካስገቡ በኋላ፣ በብረት ሚስማር ፈንታ በእንጨት ችንካር ያያይዙታል። በቋሚዎቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በቀጫጭን እንጨት ያጥሩና ከላዩ ይመርጉታል። ማገርና ምርጊት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ለማስተዋል አስተማሪ አያስፈልገውም። ልዩነቱ ኦኩ ገና እርጥብ ሳለ ይሠራበት መሆኑ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይጎብጣልም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ሁሉ ከዕድሜ ጋር ጥቂት መጥመሙ አይቀርም።

በሩን አልፈው ወደ ውስጠኛው ግቢ የገቡ ጎብኚዎች ዓይናቸውን ወደ ሁለት ታላላቅ መስኮቶች ያነሣሉ። በቤቱ ውስጥ ባሉት መስኮቶች ሁሉ በእርሳስ ማዕድን የተያያዙ 30,000 ያህል ትንንሽ መስተዋቶች አሉ። መስተዋት በዚያ ዘመን ውድ ዕቃ ስለ ነበረ፣ ሰፊ መስኮት የባለቤቱን ሀብት የሚያሳይ ነበር። ከግቢው መስኮቶች በላይ በእንጨት ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ይገኛል። ጽሑፉ እግዚአብሔርን ካመሰገነ በኋላ፣ መስኮቶቹን ዊልያም ሞርተን በ1559 እንዳሠራቸው ይናገራል። ቀጥሎ ደግሞ የአናጢውን ስም ያነሣል፤ ሪቻርድ ዴል ይባላል። ሀብታም ስሙን በቤቱ ላይ ማስቀረጹ አዲስ ነገር አይደለም። መጋዝና መጥረቢያ የያዘው ሰው ስም አብሮ መጠራቱ ግን ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው።

ከላይኛው ፎቅ ላይ ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝም ጠባብ አዳራሽ አለ። ሞርተኖች ዝናብ ውጭ አላስወጣ ሲላቸው በዚህ አዳራሽ ሳይንሸራሸሩና ሳይጫወቱ አልቀሩም፤ በግድግዳው የእንጨት ልባጥ ኋላ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠሩ አራት የቴኒስ ኳሶች ተገኝተዋል። ኳሱን ወደዚያ የወረወረው ማን እንደ ሆነ፣ ጠፋብኝ ብሎስ ምን ያህል እንደ ፈለገ ልጆች እየተከራከሩ ቢገምቱ ያስደስታል። በአዳራሹ ሁለት ጫፎች በልስን የተቀረጹ የሴት ምስሎች አሉ። አንደኛዋ መንኮራኩር የያዘችው ዕድል ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ሉል የያዘችው ዕጣ ናት። ሐሳቡ የተወሰደው ሮበርት ሬኮርድ የተባለው ሊቅ በ1556 ካሳተመው የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ነው። ይህ ሰው ለእናንተም እንግዳ አይደለም፤ በሒሳብ ትምህርት የምትጠቀሙበትን የእኩል ይሆናል ምልክት (=) በ1557 መጀመሪያ ያሳተመው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉን በልስኑ ላይ ያሰፈረው ሠራተኛ የእንግሊዝኛውን ቃል ፊደል አዛብቶ፣ «ሉል» የሚለውን «ጦር» የሚል አስመስሎታል። ስሕተቱ ያለ አራሚ እስከ ዛሬ እንደ ተሰቀለ ይኖራል።

የቤቱም መጥመም ምክንያት በአብዛኛው ይኸው አዳራሽ ነው። ከሥር ያሉት ክፍሎች ሥራ ከተጀመረ በኋላ በላያቸው እንዲታከል የታዘዘ ይመስላል። ጣራው በከባድ የድንጋይ ገበታ የተከደነ ሲሆን፣ ከሥር ያሉት እንጨቶች ያን ሁሉ ሸክም እንዲችሉ ታስበው የቆሙ አልነበሩም። በዚህም የተነሣ ወለሎቹ ጎበጡ፣ ግድግዳዎቹም ዘመሙ። በ1977 የጣራው ድንጋዮች አስጊ ሆነው ስለ ተገኙ፣ በስድስት ምዕራፍ የተከፈለ የጥገና ሥራ ተጀመረ።

ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚያስታውሱት ግን መጸዳጃ ቤቶቹን ነው። ከቤቱ ጎን ተጣብቀው በየፎቁ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ቆሻሻው በቀጥታ ይወርድ የነበረው ወደ ውሃው ቦይ ነው። ስለዚህም የቦዩን ውበት ያደነቁ ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል።

በ1976 ደግሞ በአንድ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ፣ ኋላ በተለጠፈ የእንጨት ልባጥ ተሸፍኖ የኖረ የግድግዳ ሥዕል ተገለጠ። ሥዕሉ የሶስናን ታሪክ ያሳያል፤ ሁለት ሽማግሎች በሐሰት የመሰከሩባትና ወጣቱ ዳንኤል መርምሮ ያዳናት ሴት ናት። በኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሶስና መጽሐፍ ስላለ፣ ከአገራችን የሄደ ጎብኚ ታሪኩን ማንም ሳይነግረው ሊለየው ይችላል።

በ1642 በንጉሥ ቻርልስ አንደኛና በፓርላማው መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሞርተን ቤተሰብ ከንጉሡ ጎን ቆመ። የፓርላማው ወገን ድል ስላደረገ ቤተሰቡ በዕዳ ተዘፈቀ፤ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማም ቤቱን ለገበሬዎች አከራይቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በቤቱ ውስጥ የኖሩት ተከራይ ገበሬዎች ናቸው። ጸሎት ቤቱ ሳይቀር የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ሌሎች ሀብታሞች አሮጌ ቤታቸውን አፍርሰው በዘመኑ ፋሽን በጡብና በድንጋይ ሲያሠሩ፣ ሞርተኖች ግን ለማፍረስም ሆነ ለመሥራት ገንዘብ አልነበራቸውም። ቤቱን ከመፍረስ ያተረፈው የቤተሰቡ ድህነት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከሞርተን ቤተሰብ የመጨረሻዋ ባለቤት የነበሩት መነኵሲት ኤልሳቤጥ ሞርተን፣ ቤቱ ከቶ እንዳይሸጥ ተናዝዘው በ1912 ለዘመዳቸው ለጳጳሱ ለቻርልስ አብርሃም አወረሷቸው። ጳጳሱም ቤቱን ለጎብኚዎች ከፈቱት። ያን ጊዜ ስድስት ፔንስ እየተቀበሉ ጎብኚውን ከክፍል ወደ ክፍል ያዞሩ የነበሩት እዚያው የሚኖሩት ተከራዮች ነበሩ። በ1938 ቤቱ ቅርሶችን ለሚጠብቀው ናሽናል ትረስት ለተባለው ማኅበር ተላለፈ።

ለ. የቃላት ጥናት

በምንባቡ ውስጥ ቀጥ ያለውን ነገር መጉደል የሚያመለክቱ ልዩ ልዩ ግሦች ገብተዋል። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም አይገባም። ዘመመ የሚባለው ቆሞ የነበረ ነገር ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ነው፤ ቤት ይዘማል፣ አጥር ይዘማል። ጎበጠ ስንል ግን ርዝመት ያለው ነገር ከመካከሉ እንደ ቀስት መታጠፉን እንናገራለን፤ ወራጅ ይጎብጣል፣ የሽማግሌ ጀርባም ይጎብጣል። ሰመጠ ወደ ታች መግባትን ያሳያል። ጠመመ ከሁሉ ይሰፋል፤ ቀጥ አለማለትን ሁሉ ያጠቃልላል። ለሰው ጠባይም ስለሚነገር «ጠማማ ሰው» እንላለን፤ «የጎበጠ ሰው» ካልን ግን ስለ ወገቡ እንጂ ስለ ጠባዩ አልተናገርንም።

ሐ. ሰዋስው

1. ሠራ፣ አሠራ፣ ተሠራ

ከግቢው መስኮቶች በላይ ወዳለው ጽሑፍ እንመለስ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለባለቤቱ ለዊልያም ሞርተንም፣ ለአናጢው ለሪቻርድ ዴልም የተጠቀመው አንድ ዓይነት ግሥ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሰዎች መስኮቶቹን «ሠሩ»። አማርኛ ግን ይህን አይፈቅድም። ሞርተን መስኮቶቹን አሠራ፤ ዴል ሠራ፤ መስኮቶቹ ተሠሩ። ሠራ አድራጊ ግሥ፣ አሠራ አስደራጊ ግሥ፣ ተሠራ ደግሞ ተደራጊ ግሥ ነው። አንዲት ፊደል ስትጨመር፣ ገንዘቡን ያወጣውን ሰው ላቡን ካፈሰሰው ሰው ትለያለች።

ስለ ታሪካዊ ቦታ የሚጻፉ ድርሰቶች አብዛኛውን ጊዜ በተደራጊ ግሥ የተሞሉ ናቸው፦ «በዚህ ዘመን ተሠራ፣ ከዚያም ታደሰ፣ በኋላም ተዘጋ»። ተደራጊ ግሥ ራሱ ስሕተት አይደለም፤ አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ትክክለኛው ግሥ እርሱ ነው። ስንፍና የሚሆነው አድራጊው እየታወቀ ስንሸሽበት ነው። «ቤቱ ለጎብኚዎች ተከፈተ» ከማለት «ጳጳሱ ቤቱን ለጎብኚዎች ከፈቱ» ማለት ይሻላል፤ አንባቢው አንድ ሰው ያገኛልና። አሠራን የሚፈልገውን ነገር በሠራ መጻፍ ደግሞ ከስንፍና ያለፈ፣ የሌላውን ድካም ለባለቤቱ መስጠት ነው። «ንጉሡ ይህን ግንብ ሠሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ባነበባችሁ ቁጥር፣ ድንጋዩን የጠረበው ማን እንደ ነበር ጠይቁ።

2. ያየነው፣ የሰማነው፣ የገመትነው

አንድ ቤተሰብ ከሊትል ሞርተን ሆል ሲመለስ ሦስት ዓይነት ዕውቀት ይዞ ይመለሳል። ወለሉ እንደ ጎበጠ አይቷል። መነኵሲቷ ቤቱ እንዳይሸጥ እንደ ተናዘዙ ከአስጎብኚ ሰምቷል። የቴኒስ ኳሱን ልጆች እንደ ጣሉት ገምቷል። ሦስቱም በድርሰቱ ውስጥ ቦታ አላቸው፤ ነገር ግን ልብሳቸው አንድ መሆን የለበትም።

ያየነውን በቀጥታ እንናገራለን፦ ወለሉ ጎብጧል። የሰማነውን ለተናገረው ሰው እንሰጣለን፦ አስጎብኚው እንደ ነገሩን፣ ... ይባላል፣ ... ተብሎ ይነገራል። የገመትነውን ደግሞ ይመስላል፣ ይሆናል፣ ሳይሆን አይቀርም በሚሉት እንዘጋለን። ከነዚህ መካከል ሳይሆን አይቀርም እርግጠኝነቱ የበረታ ነው፤ ይሆናል ደግሞ ይላላል። ምንባቡን መልሳችሁ ብትመለከቱ፣ አዳራሹ በኋላ «እንዲታከል የታዘዘ ይመስላል» እንጂ «ታዘዘ» አይልም። ትእዛዙን ያየ ሰው ስለሌለ ነው።

አማርኛ ለአራተኛ ነገርም መንገድ አለው። ሰው ሳያውቀው የኖረውን ነገር በድንገት ሲደርስበት «ለካ» ብሎ ይጀምርና በ«ኖሯል» ይጨርሳል፦ ለካ ወለሉን ያጎበጠው የጣራው ክብደት ኖሯል! ይህ አነጋገር ለጉብኝት ድርሰት እጅግ ይስማማል፤ አንባቢው ጸሓፊው ነገሩን ባወቀባት ቅጽበት አጠገቡ የቆመ ያህል ይሰማዋልና። ይሁን እንጂ እንደ በርበሬ ነው፤ በአንድ ድርሰት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ባይገባ ይመረጣል።

ዓይን ያየው ሁሉ አይታመንም የሚያሰኝ አጋጣሚም አለ። የቱዶር ቤት ሲባል ብዙ ሰው ጥቁር እንጨትና ነጭ ግድግዳ በዓይነ ሕሊናው ይመጣበታል። ነገር ግን እንደነዚህ ባሉ ቤቶች ላይ እንጨቱን አጥቁሮ መቀባት በአብዛኛው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የተስፋፋ ልማድ ነው፤ በቱዶሮች ዘመን ብዙውን ጊዜ ኦኩ በተፈጥሮ መልኩ ይተው ነበር። ስለዚህ «እንጨቱ ጥቁር ነው» ብሎ መጻፍ ትክክል ነው፤ «ቱዶሮች እንጨታቸውን ያጠቁሩ ነበር» ማለት ግን ዓይን የማይመሰክርለት ሌላ ነገር ነው።

መ. ድርሰት

የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አነጻጽሩ። ሁለቱንም የጻፈ አንድ ተማሪ ነው እንበል።

የመጀመሪያው፦ «ባለፈው ቅዳሜ ከቤተሰቤ ጋር ታሪካዊ ቤት ጎበኘን። ቤቱ በጣም አሮጌና በጣም ውብ ነበር። ብዙ ክፍሎች አይተናል። በጥንት ዘመን በታላቅ ጥበብ የተሠራ ነው። ሁላችንም በጣም ተደስተን ተመለስን።»

ሁለተኛው፦ «ወደ ረጅሙ አዳራሽ እንደ ወጣን ታናሽ እኅቴ ከኪሷ ብይ አውጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ብዩ ማንም ሳይነካው ወደ መስኮቱ ተንከባለለ። አስጎብኚዋ ፈገግ ብለው፣ የጣራው ድንጋይ ከሥሩ ላሉት እንጨቶች ከመጠን በላይ እንደ ከበዳቸው ነገሩን። አባቴ አንገታቸውን ወደ ጣራው አቅንተው ጥቂት ቆዩና፣ ‹አናጢው ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ባለቤቱ ግን አዳራሽ ፈለገ› አሉ። እናቴ ‹አናጢው እምቢ ቢልስ?› ብላ ጠየቀች። ይህን አስጎብኚዋም አያውቁም ነበር።»

በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ «ውብ» የሚል ቃል የለም። አንድ ክፍል ብቻ ተመርጧል፤ የቀሩት ተትተዋል። እኅቲቱ አደረገች፣ አስጎብኚዋ ነገሩ፣ አባት ገመቱ፣ እናት ጠየቀች። ቤተሰብ አብሮ መጎብኘቱ ለጸሓፊው የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዓይን የሚመለከተው ነገር አለና። አንዳንድ መምህራን በጉብኝት ጊዜ ተማሪው ያየውን ሁሉ በደብተሩ እንዲገለብጥ ያዝዛሉ። ይህ እጅን ከማድከም በቀር ብዙ አይጠቅምም፤ ሦስት ነገር አይቶ ስለ ሦስቱ አጥብቆ መጠየቅ ይበልጣል።

ሠ. መልመጃ

1. በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉትን ተደራጊ ግሦች ለዩ። አድራጊው በምንባቡ ውስጥ የሚገኝ እንደ ሆነ ዓረፍተ ነገሩን በአድራጊ ወይም በአስደራጊ ግሥ መልሳችሁ ጻፉ፤ የማይገኝ እንደ ሆነ ግን እንዳለ ተዉት።
ሀ) ጽሑፉ በልስኑ ላይ በስሕተት ተጻፈ።
ለ) መስኮቶቹ በ1559 ተሠሩ።
ሐ) የሶስና ሥዕል በእንጨት ልባጥ ተሸፈነ።
መ) ቤቱ በ1912 ለጳጳሱ ተላለፈ።

2. «ቤቱን ከመፍረስ ያተረፈው የቤተሰቡ ድህነት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም» የሚለው የምንባቡ ዓረፍተ ነገር ያየነው ነው፣ የሰማነው ነው ወይስ የገመትነው? ጸሓፊው «ቢባል ከእውነት አይርቅም» የሚለውን ቢያስቀር ትርጉሙ ምን ያህል ይለወጣል? መልሳችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

3. ዘመመ፣ ጎበጠ፣ ሰመጠና ጠመመ የሚሉትን ግሦች እየተጠቀማችሁ፣ በሰፈራችሁ የሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት፣ አጥር ወይም ድልድይ ግለጹ።

4. ከቤተሰባችሁ ጋር፣ ካልተቻለም ከአንድ ታላቅ ዘመድ ጋር፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ወፍጮ ቤት ሂዱ። ያሠራውን ሰው ስምና የሠራውን ሰው ስም ጠይቁ። የሁለተኛውን ስም የሚያውቅ ሰው ካጣችሁ፣ ስንት ሰው እንደ ጠየቃችሁና እያንዳንዱ ምን እንደ መለሰላችሁ በድርሰቱ ውስጥ ጻፉ። ድርሰቱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ።